ስለ ግብር ቅናሽና ስለ ሕፃናት ንባብ፤ ከዳምቦያ ለእንደራሴዎቻችን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በዳምቦያና በአካባቢው ሕዝብ ድምፅ ተመርጣችሁ በፌዴራልም ሆነ በክልል ምክር ቤት ለተሰየማችሁ እንደራሴዎቻችን፤
ባላችሁበት።

ክቡራን ሆይ፤

የምክር ቤት ጉባኤ በሚያርፍበት በክረምቱ ወራት ወደ መራጮቻችሁ ተመልሳችሁ፣ በስማችን የሠራችሁትንና ያስወሰናችሁትን በአደባባይ መናገራችሁ፣ የሕዝብን አደራ የተቀበለ ሰው ሁሉ ሊጠብቀው የሚገባ ሥርዓት ነውና፣ ከአድማጮቹ አንዱ እንደ መሆኔ መጠን ስለዚህ አመሰግናለሁ። ይህንንም ደብዳቤ በግል ሳይሆን በግልጽ መጻፌ ማንንም ለማሳጣት አስቤ አይደለም፤ በዳምቦያ ከእኛ ጋር ባደረጋችሁት ስብሰባ ላይ ለጥያቄ የተተወው ጊዜ አጭር ስለ ነበረ፣ እጃቸውን አንሥተው ዕድል ሳያገኙ የተመለሱትም ሰዎች ብዙ ስለ ነበሩ፣ ልጠይቀው የነበረውን ነገር በዝርዝር ለማስረዳት ከወረቀት የተሻለ መንገድ ባለማግኘቴ ነው።

በዚያ ቀን ሁለት ብሥራት ሰማን። አንደኛው፣ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ ዐዋጅ የግብሩን ሸክም ማቅለሉ ነው፤ ሁለተኛው፣ በአካባቢያችን ትምህርት ቤቶች የሕፃናት የማንበብ ችሎታ እየተሻሻለ መሄዱ ነው። ሁለቱም ተከታትለው ተነገሩ፤ ሁለቱም ተጨበጨበላቸው። ነገር ግን ስለ መጀመሪያው ሲነገር የቍጥር ብዛት ጆሮ ሲሞላ፣ ስለ ሁለተኛው ሲነገር አንድ ቍጥር እንኳ አልተሰማም። ግብሩ ከስንት ወደ ስንት እንደ ተለወጠ እስከ ሳንቲሙ የሚያውቅ መንግሥት፣ በወረዳችን ካሉት የሁለተኛ ክፍል ሕፃናት ስንቱ አንድ ገጽ አንብበው የሚያስተውሉ እንደ ሆኑ ለወላጆቻቸው አለመናገሩ የቅሬታዬ መነሻ ነው። ግብር የሚከፈልበት ምክንያት አንዱ፣ እንዲያውም በእኔ አስተያየት ዋነኛው፣ ይኸው የልጅ ትምህርት ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱ ወሬዎች ምንም እንደማይዛመዱ ሁሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማለፋቸው አልተዋጠልኝም።

ስለ ግብሩ ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ። በ2008 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ከግብር ነጻ የነበረው የወር ደመወዝ 600 ብር ብቻ ሲሆን፣ በማሻሻያው 2,000 ብር ሆኗል። ይህ መልካም ነው፤ በወር 5,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ ቀድሞ 697 ብር ከ50 ሳንቲም ይከፍል የነበረው ዛሬ 500 ብር ብቻ ስለሚከፍል፣ 197 ብር ከ50 ሳንቲም በእጁ ይቀርለታል። በወር 20,000 ብር ለሚያገኘው ደግሞ ግብሩ ከ5,500 ወደ 4,950 ብር ወርዶ 550 ብር ቀርቶለታል። ቅናሹ ከደመወዙ አንጻር ሲመዘን የዝቅተኛው ሠራተኛ ድርሻ እንደሚበልጥ አልክድም፤ በብር ሲቈጠር ግን ይበልጥ የቀለለለት ደመወዙ የበለጠው ነው። ደግሞም ያ 600 ብር ለዘጠኝ ዓመታት ሳይነካ በቈየበት ጊዜ የእህሉ፣ የዘይቱና የቤት ኪራዩ ዋጋ ስንት ጊዜ እንደ ታጠፈ፣ በተለይም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የብር አቅም ምን ያህል እንደ ወረደ፣ ገበያ ወጥቶ የሚገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ የተደረገው ነገር ቅናሽ ከሚባል ይልቅ የዘገየ ማስተካከያ ቢባል ወደ እውነቱ ይቀርባል። የሆነ ሆኖ የዘገየም ቢሆን ስለ ተደረገ ምስጋና እንጂ ወቀሳ አያሻውም።

ወቀሳዬ ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ስብሰባው የተደረገው በዳምቦያ ነው፤ የዳምቦያ ወረዳ ሕዝብ እጅግ የሚበዛው ደግሞ ደመወዝተኛ አይደለም። ከእንሰት ጓሮውና ከጠባብ ማሳው የሚበላ፣ መሬቱ ለልጆቹ ሲከፋፈል ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበበችበት የሚሄድ ገበሬ ነው። ለዚህ ሰው ከ600 ወደ 2,000 የተባለው ለውጥ ምንም አይነካውም። እርሱ የሚከፍለው የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ነው፤ ይህንንም የመወሰንና የመሰብሰብ ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 ለክልሉ የተሰጠ ስለ ሆነ፣ የአዲስ አበባው ዐዋጅ ለገበሬው ሸክም መቅለል በምስክርነት ሊጠራ አይችልም።

ገበሬው ከዚህ በቀር ሌላ የሚከፍለው አለ፤ ይህም በየትኛውም ዐዋጅ ውስጥ ያልተጻፈው መዋጮ ነው። መስከረም ሲጠባ ልጁን ሊያስመዘግብ የሄደ አባት ለዴስክ፣ ለጥበቃ ደመወዝ፣ ለመማሪያ ክፍል ማደሻ፣ ለጠመኔና ለወረቀት እየተባለ የሚጠየቀው ገንዘብ፣ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያይ እንጂ የማይቀር ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. «ትምህርት ለትውልድ» ተብሎ የተጀመረው አገር አቀፍ ንቅናቄ ብዙ የፈረሱ ትምህርት ቤቶችን እንዳሳደሰ፣ ሕዝቡም ከባሕር ማዶ ዘመዶቹ ጭምር አስተባብሮ በገንዘብም በጉልበትም እንደ ተባበረ እመሰክራለሁ፤ በፈቃድ የተሰጠ ልግስና የተመሰገነ ነው። ነገር ግን በፈቃድ ነው የተባለው መዋጮ ያልከፈለው ሰው ልጅ ከመዝገብ የሚዘገይበት ወይም ከክፍል ወጥቶ «አባትህን ጥራ» የሚባልበት ነገር ሲሆን፣ ፈቃድነቱ ቀርቶ ግብር ይሆናል፤ ያውም ግብር ከፋዩን እንደ አቅሙ የማይለይ፣ የሁለት ላም ባለቤትንም የባልቴቷንም ጎጆ እኩል የሚጠይቅ፣ ብዙ ጊዜም ደረሰኝ የሌለው ግብር ነው። የደመወዝተኛው ግብር ቀለለ ብላችሁ በነገራችሁን ቀን፣ የዚህን ግብር ክብደት የሚያነሣ ሰው ከመድረኩ ላይ አለመኖሩ ገበሬውን አሳዝኖታል።

ሕዝብን ለትምህርት ግብር ማስከፈል በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1940 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዐዋጅ ቍጥር 94 በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ፤ ገንዘቡም በየአውራጃው ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት መስፋፊያ እንዲሆን፣ አሠራሩንም የሚቈጣጠሩ የትምህርት ቦርዶች እንዲኖሩ ተደነገገ። ሐሳቡ ሲታይ የሚያስመሰግን ነበረ፤ ግብሩ በስሙ ይጠራል፣ ስሙም ዓላማውን ይናገራል። የኋላው ታሪክ ግን የሚያሳዝን ነው። ትምህርት ቤቶቹ በአብዛኛው በከተሞችና በአውራ መንገዶች ዳር ሲሠሩ፣ በገጠር ያለው ባላገር ዓመት ዓመት ግብሩን እየገበረ የልጁን ትምህርት ሳያይ ቀረ፤ አብዮቱ በፈነዳበትም ጊዜ ከመቶው የኢትዮጵያ ሕዝብ ከ90 የሚበልጠው ማንበብና መጻፍ የማይችል ነበረ። ይህን የማነሣው የሞተ መንግሥት ለመውቀስ አይደለም። ግብሩን ከፋዩ ያውቀው ነበር፤ ፍሬውን ግን በደጁ ሊቈጥረው የሚችልበት ሥርዓት አልተሰጠውም ነበር። ዛሬ በእኛ ወረዳ ትምህርት ቤት አለ፣ መምህር አለ፣ ልጁም በየማለዳው ደብተሩን ይዞ ይሄዳል፤ የጐደለው ያው የቀድሞው ነገር፣ ፍሬውን መቍጠር ነው።

ፍሬው በአገር ደረጃ በተቈጠረ ጊዜ የተገኘውም የሚያስደነግጥ ነበር። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች የታችኛው ክፍል ተማሪዎች በየአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በተፈተኑበት ጊዜ፣ ከመቶ የሁለተኛ ክፍል ሕፃናት 34ቱ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፤ ከእኛ ብዙም በማይርቀው፣ ያን ጊዜ ከእኛ ጋር በአንድ ክልል ውስጥ በነበረው በሲዳማ ቋንቋ ተናጋሪው አካባቢ ደግሞ ቍጥሩ ወደ 69 ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህም የዓለም ባንክ ዐሥር ዓመት ከሞላቸው የኢትዮጵያ ሕፃናት ከመቶው 90 የሚሆኑት ቀላል ጽሑፍ አንብበው ማስተዋል እንደማይችሉ ገምቷል። ይህ የታችኛው ክፍል ጕድለት ከዓመታት በኋላ በላይኛው ክፍል በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃ በማይቻልበት ሁኔታ ሲሰጥ በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ብቻ መሆናቸውን የትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ገልጿል፤ በየዓመቱም ከአንድ ሺሕ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ ሳያሳልፉ ቀርተዋል። ከዱራሜና ከሆሳዕና መናኸሪያ ተነሥተው፣ በሞያሌ አልፈው ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመድረስ ነፍሳቸውን ለደላላ የሚሰጡት ወንድሞቻችን ከነዚህ ፈተናዎች ወዲህ ሌላ በር የተከፈተላቸው አልመሰላቸውም። በ12ኛ ክፍል የወደቀው ልጅ በዚያ ዓመት ብቻ የወደቀ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ውድቀቱ የጀመረው በሁለተኛ ክፍል፣ ሌሎቹ ሲያነቡ እርሱ ከንፈሩን ብቻ ሲያንቀሳቅስ ነው።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ነገሩን የሚያከብድ የራሱ ጠባይ አለው፤ በምክር ቤት ንግግር ውስጥ ይህ ሲነሣ ሰምቼ ስለማላውቅ በዝርዝር ላስረዳ። የከምባታ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ ንባብ የሚጀምረው በከምባትኛ ነው፤ ይህም መብቱ ነው፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የጀመረ ልጅ ሌላውንም ቋንቋ ቶሎ እንደሚይዝ የትምህርት ሊቃውንት ተስማምተውበታል። ከምባትኛ ዛሬ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በዚያው ጊዜ ያ ልጅ እንግሊዝኛ ይማራል፤ እንግሊዝኛም በላቲን ፊደል ይጻፋል፣ ነገር ግን ፊደሎቹ የሚሰጡት ድምፅ አንድ አይደለም። ኤክስ የሚባለው ፊደል በከምባትኛው መጽሐፍ «ጥ» ተብሎ ሲነበብ በእንግሊዝኛው «ክስ» ይባላል፤ ሲ የሚባለው በከምባትኛ «ጭ» ሲሆን በእንግሊዝኛ አንድ ጊዜ «ክ» አንድ ጊዜ «ስ» ይሆናል። ጥቂት ቈይቶ አማርኛ ይመጣል፤ እርሱም በግእዝ ፊደል ነው፣ ያን ጊዜ ሕፃኑ ከሀ እስከ ፐ ከነእርባታው እንደ ገና ይጀምራል። በሰባትና በስምንት ዓመት ዕድሜ በሁለት ዓይነት ፊደል ሦስት ዓይነት ንባብ መሸከም የማይቻል ነገር አይደለም፤ ዓለም ሁሉ ብዙ ልሳን የሚያውቁ ሕፃናት አሉት። የሚቻለው ግን መምህሩ ለዚሁ ሲሠለጥንና መጽሐፉ በልጁ እጅ ሲገባ ነው። በአንድ መጽሐፍ አራት ሕፃናት አንገታቸውን አስግገው በሚያነቡበት ክፍል፣ መጽሐፉን ከፊቱ ያገኘው ያነባል፣ ከጎን ያለው በጎን ያነባል፣ ሁለቱ ደግሞ በቃላቸው ይይዛሉ። በቃል የያዘ ልጅ ሲጠየቅ እንደሚያነብ ሆኖ ስለሚታይ ለሪፖርት ይመቻል።

በከምባትኛ ማስተማር ዛሬ የተጀመረም አይደለም። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተመረጡት ዐሥራ አምስት የአገራችን ቋንቋዎች አንዱ ከምባትኛ ነበረ፤ ያን ጊዜ የተጻፈው በግእዝ ፊደል ሲሆን፣ ሽማግሌዎቻችንና እናቶቻችን በማታ ክፍል ስማቸውን መጻፍ የተማሩት በዚሁ ነው፤ ኢትዮጵያም ስለዚያ ዘመቻ ከዩኔስኮ ሽልማት አግኝታለች። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ፊደሉ ወደ ላቲን ሲለወጥ፣ በአንድ ቤት ውስጥ አያት በአንዱ ፊደል የልጅ ልጅ በሌላው የሚያነቡ ሆኑ፤ ስለዚህ አያቲቱ ከምባትኛን ማንበብ ብትችልም የልጅ ልጇን የቤት ሥራ ልታርም አትችልም። ፊደሉ ይለወጥ አይለወጥ የሚለውን ክርክር ልከፍት አልፈልግም፤ ለእርሱ ጊዜውም ቦታውም ይህ አይደለም። የምለው፣ በቤቱ ረዳት የማያገኝ ልጅ በትምህርት ቤት የሚያስፈልገው እርዳታ እጥፍ መሆኑን በጀት የሚያጸድቅ ሰው እንዲያውቀው ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ የታችኛው ክፍል የንባብ መጻሕፍት እንደ ገና ሲዘጋጁ የተመረጡት ቋንቋዎች ሰባት ነበሩ፤ ጎረቤታችን ሃዲይኛ ከነዚያ ውስጥ ነበረ፣ ከምባትኛ አልነበረም። በሃዲያ ወንድሞቻችን ዕድል አልቀናም፤ እኛም በዚያው ጊዜ ከራሳችን ግብር ያው እንዲደረግልን መጠየቅ ነበረብን፤ ጠይቆ የሚያስፈጽምልን እንደራሴ ግን አላገኘንም። አሁን ያ የውጭ እርዳታ የቆመ ስለ ሆነ፣ ለሁላችንም የቀረው የራሳችን ግብር ብቻ ነው።

ስለ መምህራንም ሳልናገር ብቀር ፍትሕ ይጐድላል። የወረዳ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ እንደሚውል የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ በ2016 ዓ.ም. በሃዲያ ዞን የመምህራን ደመወዝ ለወራት ዘግይቶ፣ ትምህርት ተቋርጦ እንደ ነበር ሁሉም ያስታውሳል፤ ለዚህም ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ወረዳዎች የተሸከሙት የማዳበሪያ ዕዳ ነበረ። የገበሬው የማዳበሪያ ዕዳ የመምህሩን ደመወዝ ሲበላ፣ የመምህሩ ዝምታ ደግሞ የገበሬውን ልጅ ንባብ ሲበላ፣ ኪሳራው ዞሮ የሚያርፈው በአንድ ጎጆ ላይ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ከደመወዝ ላይ የተቀነሰው ግብር ለመምህሩ ምን ይፈይደዋል? ያልተከፈለ ደመወዝ ግብሩ ቢቀልለት ምን ይጠቅማል?

በሩቅ አገር የተደረገ አንድ ነገር ልጥቀስና ወደ ልመናዬ እገባለሁ። በብራዚል ሰሜን ምሥራቅ ሴአራ የሚባል ክፍለ ሀገር አለ፤ ድርቅ የሚደጋግመው፣ ከአገሩ ድኾች ክፍሎች የሚቈጠር ነው። በዚያ ሶብራል በምትባል ከተማ፣ በአውሮጳ አቈጣጠር በ2001 ገደማ፣ በታችኛው ክፍል ካሉት ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ማንበብ እንደማይችሉ በፈተና ተረጋገጠ፤ አስተዳዳሪዎቹም ውጤቱን ሳይሸሽጉ የንባብን ነገር ከሥራቸው ሁሉ አስቀደሙ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በዚያው አቈጣጠር በ2007፣ ክፍለ ሀገሩ አንድ ሕግ አወጣ፤ ከሽያጭ ግብር ለከተሞችና ለወረዳዎች ከሚከፋፈለው ገንዘብ በራሱ ሕግ የሚደለድለው ከመቶው 25 እጅ ስለ ነበረ፣ ከዚህ 18ቱ በትምህርት ውጤት፣ 5ቱ በጤና፣ 2ቱ በአካባቢ ጥበቃ እንዲደለደል አደረገ፤ ከትምህርቱም ውጤት ትልቁ ሚዛን የሁለተኛ ክፍል ሕፃናት ንባብ ሆነ። ከዚያ በኋላ የትምህርት ነገር የመምህራን ብቻ መሆኑ ቀርቶ የከንቲባውም የገንዘብ ያዡም ጭንቀት ሆነ፤ ያቺ ድኻ ከተማ ሶብራልም በአገሩ ፈተና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከሁሉ ቀዳሚ እስከ መሆን ደረሰች። ይህ አሠራር ወደ እኛ ሲመጣ «ድኻውን ወረዳ ይቀጣል» የሚል ክርክር እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ክርክሩም ሚዛን አለው። ነገር ግን የሚለካው የደረሰበት ቦታ ሳይሆን ካለፈው ዓመት የተራመደው እርምጃ ከሆነ፣ ከታች የተነሣው ወረዳ የሚራመድበት ሰፊ ቦታ አለው፤ ወደ ኋላ ለቀሩትም አስተማሪ አሠልጣኝ መላክ እንጂ ገንዘብ መንፈግ ብቻ ግዴታ አይደለም።

እንግዲህ ክቡራን ሆይ፣ የምለምነው ይህ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው ክልላችን ገና ልማዱን በመትከል ላይ ያለ ስለ ሆነ፣ አዲስ ልማድ ለመትከል ጊዜው አላለፈም። በየዓመቱ በሰኔ ወር፣ በዳምቦያ ወረዳ ባሉት ትምህርት ቤቶች ሁሉ፣ የሁለተኛ ክፍል ሕፃናት አንድ በአንድ ቀርበው ያላዩትን አጭር ጽሑፍ በከምባትኛ እንዲያነቡና ያነበቡትን እንዲናገሩ፣ ፈታኞቹም የራሳቸው የትምህርት ቤቱ መምህራን ሳይሆኑ ከሆሳዕና ትምህርት ኮሌጅና ከዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የዱራሜ ግቢ የሚመጡ ተማሪዎችና መምህራን እንዲሆኑ፣ በምክር ቤት አስወስኑልን። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ወረቀትና የእጅ ሰዓት ስለ ሆነ፣ የበጀት እጥረት ምክንያት ሊሆን አይችልም። ውጤቱም የሕፃናቱ ስም ሳይጠቀስ፣ በትምህርት ቤት በትምህርት ቤቱ፣ «ከዚህን ያህል ይህን ያህሉ አነበቡ» ተብሎ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ በከምባትኛና በአማርኛ ይለጠፍ። ወላጅ ማንበብ ባይችል እንኳ ቍጥር ያነባል፤ ገበያ ለምዶታል።

በዚያው ግድግዳ ላይ፣ ከውጤቱ ጎን፣ ወረዳው በዓመቱ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ያወጣው ገንዘብ ይጻፍ፤ ለደመወዝ የወጣው ለብቻ፣ ለመጻሕፍትና ለማስተማሪያ ዕቃ የወጣው ለብቻ፣ ከሕዝብ በመዋጮ የተሰበሰበውም ለብቻ። መዋጮ ደረሰኝ ይኑረው፤ ባለመክፈሉ ምክንያት ልጁ ከክፍል የሚወጣበት ወይም ከመዝገብ የሚዘገይበት ወላጅ እንዳይኖር በክልሉ ደንብ በግልጽ ይከልከል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርት የሚመድበው ሀብት ከጊዜ ወደ ጊዜ እያደገ እንዲሄድ የሚያዝዝ እንደ መሆኑ፣ ይህን ግዴታ በድኻ ትከሻ ላይ በመዋጮ ስም ማሸጋገር ከሕጉ መንፈስ ጋር አይስማማም።

በከምባትኛ የተጻፉ፣ ለታችኛው ክፍል የሚመጥኑ የተረትና የታሪክ መጻሕፍት እንዲታተሙም እጠይቃለሁ፤ የመማሪያ መጽሐፉ ብቻውን ንባብን አያስለምድም፣ ልጅ የሚወደውን ሲያነብ ነው ንባብ የሚለምደው። የሐምበርቾ ተራራን ታሪክ፣ አባቶቻችን በእሳት ዳር የሚነግሩንን ተረት የሚጽፉ መምህራን በዱራሜም በዳምቦያም አሉ፤ የጐደላቸው ማተሚያ ገንዘብ ነው። ክልሉ ለወረዳዎች የሚደለድለውን ገንዘብ ቀመር ስትከልሱም የሴአራን ምሳሌ ብታጠኑት፣ በመጀመሪያ ከቀመሩ ትንሽ እጅ እንኳ በንባብ መሻሻል እንዲደለደል ብትሞክሩት፣ ለምክር ቤቱ ክብር ይሆናል እንጂ አያሳንሰውም። ይህን የመጨረሻውን በአንድ ዓመት ይፈጸም ብዬ አልጠይቅም፤ ፈተናውንና የግድግዳውን ማስታወቂያ ግን ለከርሞ ማስተላለፍ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

የክልሉ ምክር ቤት የሚቀጥለውን ዓመት በጀት ከማጽደቁ በፊት፣ ከላይ የዘረዘርኋቸውን ነገሮች ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ማቅረባችሁን ወይም አለማቅረባችሁን፣ ካላቀረባችሁም ምክንያቱን፣ በወረዳው ምክር ቤት በኩል በጽሑፍ እንድታሳውቁን በአክብሮት እጠይቃለሁ። መልሱ «አይቻልም» ቢሆን እንኳ፣ ለምን እንደማይቻል በዝርዝር ከተጻፈልን ከሽማግሌዎቹና ከወላጅ መምህራን ኅብረት ጋር ተቀምጠን እንመክርበታለን፤ በእኛ በኩል ሊደረግ የሚችለውንም፣ ለፈታኞቹ ማደሪያና ምግብ ማሰናዳትን ጨምሮ፣ ለማድረግ ዝግጁ መሆናችንን ከወዲሁ እገልጻለሁ።

ከከፍተኛ አክብሮት ጋር፤
የዳምቦያ ወረዳ ነዋሪና የተማሪዎች ወላጅ
ዳምቦያ፣ ከምባታ ዞን